«አፈጻጸም» የሚሸከመው ስንት ነገር ነው? በሥራ አመራር ስያሜዎቻችን ላይ የቀረበ ሒስ

በስያሜ ሥራ የተሰማሩ ባለሞያዎች ዘወትር የሚያሳስባቸው በአማርኛ ስም ያልወጣለት ጽንሰ ሐሳብ ነው። ከውጭ የመጣ ቃል ሲቀርብላቸው «ምን እንበለው?» ብለው ይመክራሉ፤ ከግእዝ ይዋሳሉ፣ ከአማርኛው ሥር ያወጣሉ፣ አለዚያም ቃሉን እንዳለ ይቀበላሉ። ስም የወጣለት ነገር ግን እንዳለቀ ጉዳይ ይታያል። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ከዚህ የተለየ ችግር ነው፤ ይኸውም ስም ያልጠፋበት፣ ይልቁንም አንድ ስም ለብዙ ነገር የዋለበት መስክ ነው። መስኩ የድርጅቶችን ሥራ የመምራት፣ የመመዘንና የማሻሻል ሞያ ሲሆን፣ ዓላማውም አንድ መሥሪያ ቤት ወይም የንግድ ድርጅት የነደፈውን ስትራቴጂ ከወረቀት ወደ ተግባር እንዲያሸጋግር ማስቻል ነው።

ይህ ሞያ ወደ አማርኛ የገባው በአመዛኙ በመመሪያና በሥልጠና ጽሑፍ በኩል ነው። የሲቪል ሰርቪስ ማሻሻያ ፕሮግራም በ1980ዎቹ ማብቂያ ከተጀመረ ወዲህ በመጀመሪያ «መሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጥ»፣ ቀጥሎም «ውጤት ተኮር ሥርዓት» የተባሉት ዘዴዎች በየመሥሪያ ቤቱ ተሠራጭተዋል። የፊተኛውን ይበልጥ ያስታወቀው ማይክል ሐመርና ጄምስ ቻምፒ እ.ኤ.አ. በ1993 ያሳተሙት መጽሐፍ ነው፤ የኋለኛው መነሻ ደግሞ ሮበርት ካፕላንና ዴቪድ ኖርተን እ.ኤ.አ. በ1992 በሐርቫርድ ቢዝነስ ሪቪው ያወጡት ጽሑፍ ነው። ሠራተኛው እነዚህን ጽሑፎች አላነበበም፤ ስያሜዎቹን የተማረው በምዘና ቅጽ ላይ ነው። ቅጹም የደረጃ ዕድገትን የሚነካ በመሆኑ፣ የቃላቱ ነገር የመዝገበ ቃላት አዘጋጆች ብቻ የሚጨቃጨቁበት ጉዳይ አይደለም።

«አፈጻጸም» የተገኘው «ፈጸመ» ከሚለው ግስ ነው። ግሱ በግእዝም ሆነ በአማርኛ «ጨረሰ፣ ከፍጻሜ አደረሰ» ማለት ሲሆን፣ የብራና ጸሐፊ መጽሐፉን ሲጨርስ «ተፈጸመ» ብሎ የሚዘጋው በዚሁ ቃል ነው። የስሙ አወጣጥ ግን ስለ ፍጻሜው አይናገርም። በመነሻው «አ» ገብቶ፣ ሁለተኛው ሥር ፊደል ተደግሞ የሚወጣው ስም በአማርኛ የአደራረግን ሁኔታ የሚገልጽ ነው፤ «አነጋገር» የመናገር፣ «አረማመድ» የመራመድ፣ «አለባበስ» የመልበስ ሁኔታ ነው። ስለሆነም «አፈጻጸም» በተፈጥሮው «እንዴት ተፈጸመ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ እንጂ፣ «ስንት ተፈጸመ?» ወይም «ምን ተገኘበት?» ለሚሉት አይደለም። «አረማመዱ ያማረ ነው» ይባላል፤ «አረማመዱ 85 በመቶ ነው» ቢባል ግን ሰሚው ይስቃል። «አፈጻጸሙ 85 በመቶ ነው» ሲባል የሚስቅ የለም።

የእንግሊዝኛው «ፐርፎርማንስ» ታሪክ ከእኛው ቃል እምብዛም የራቀ አይደለም። ቃሉ የመጣበት ጥንታዊ የፈረንሳይኛ ግስ እንደ «ፈጸመ» ሁሉ አንድን ነገር ከፍጻሜ ማድረስን ያመለክት ነበር። ኋላ ግን እንግሊዝኛው የተዋናይን በመድረክ መታየት፣ የሞተርን ብቃት፣ የአክሲዮንን ትርፋማነት ሁሉ በዚያው ቃል አጠቃለለ። ተርጓሚዎቻችን «አፈጻጸም»ን ሲመርጡ ከሥሩ አንጻር አልተሳሳቱም። ስሕተቱ እንግሊዝኛው በብዙ ዘመን የሰበሰበውን ጓዝ በአንድ ጊዜ በአማርኛው ቃል ላይ መጫኑ ነው።

ደግሞም ቃሉ ባለቤት የሌለው አልነበረም። በሕግ አማርኛ «የፍርድ አፈጻጸም» የተደላደለ ትርጉም ያለው የሞያ ቃል ነው፤ የ1958ቱን የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ የሚያውቅ ሁሉ ያውቀዋል። ፍርድ ተሰጠ ማለት ተፈጸመ ማለት አይደለም። የተፈረደለት ሰው አፈጻጸም መዝገብ ከፍቶ እንደገና ያመለክታል፤ ፍርድ ቤቱም ውሳኔው በተግባር እንዲውል ትእዛዝ ይሰጣል። ውሳኔና የውሳኔው መፈጸም ሁለት ነገሮች መሆናቸውን ከዚህ አብልጦ የሚያስረዳ ስያሜ በአማርኛ አናውቅም። የስትራቴጂም ነገር እንደዚሁ ነው፤ የዲሬክተሮች ቦርድ አጸደቀው ማለት ተፈጸመ ማለት አይደለም። ስለዚህ «የስትራቴጂ አፈጻጸም» የሚለው ሐረግ፣ የተወሰነን አቅጣጫ ወደ ሥራ የመለወጡን ሂደት ለመሰየም ከሕግ የተወረሰ ዝግጁ ቦታ ነበረው። ዛሬ ግን ይኸው ሐረግ በአንዱ ገጽ ሂደቱን፣ በሚቀጥለው ገጽ ስትራቴጂው ያስገኘውን ጥቅም፣ በአባሪው ሠንጠረዥ ደግሞ ከታቀደው የተሠራውን መጠን ሲገልጽ እናገኘዋለን።

ከሁሉ የከፋው «የበጀት አፈጻጸም» ነው። በሒሳብ ሰዎች ዘንድ የበጀት አፈጻጸም ማለት ከተፈቀደው ገንዘብ ወጪ የሆነው ድርሻ ነው። ይህ ለብቻው እንደ ሞያ ቃል ነውር የለበትም። ነገር ግን «የበጀት አፈጻጸም 97 በመቶ» የሚለው መስመር «የሥልጠና አፈጻጸም 97 በመቶ» ከሚለው መስመር ሥር ሲቀመጥ፣ ገንዘብን ማውጣት ሥራን እንደ መሥራት ይነበባል። የበጀት ዓመቱ በሰኔ 30 ስለሚዘጋ ወደ ማብቂያው የሚታየውን የግዥ ጥድፊያ ቃሉ ፈጠረው አንልም፤ ጥድፊያው የራሱ ምክንያቶች አሉት። ለጥድፊያው መልካም ስም የሚያወጣለት ግን ቃሉ ነው። በአንጻሩ ያንኑ ዕቃ በቅናሽ ገዝቶ ገንዘብ ያተረፈ ክፍል በዚህ ቃል ሲገለጽ «ዝቅተኛ አፈጻጸም» ያስመዘገበ ይሆናል። ቃሉን የሚያነበው ኀላፊ በሠንጠረዡ ሥር ያለውን ማብራሪያ የማንበብ ጊዜ ከሌለው፣ ወቀሳው የሚደርሰው ሊመሰገን ለሚገባው ሰው ነው።

በዚህ ላይ የሚነሣውን ተቃውሞ እናውቃለን። ቃላት በአመጣጣቸው ታስረው አይኖሩም፤ የሥነ ልሳን ሰው የቃልን ሥር እንደ ሕግ ሊጠቅስ አይገባውም። ተቃውሞው እውነት ነው፤ ምሳሌውም እዚሁ መስክ ውስጥ አለ። «አመራር» እንደ «አፈጻጸም» ሁሉ የአደራረግ ስም ነው፤ «መራ» ከሚለው ወጥቶ የመምራትን ሁኔታ ይገልጻል። ዛሬ «አመራሩ ወሰነ»፣ «አመራሮች ተሰበሰቡ» ሲባል ሰዎቹን ማለታችን ነው። የአደራረግ ስም የሰዎች መጠሪያ ሆነ፤ ቋንቋውም አልፈረሰም። እኛም ይህን ለማረም አንነሣም፤ የሚሰበሰብ አካሄድ ስለሌለ አንባቢ አይስትም፤ ዐውዱ ሁለቱን ፍች ይለያቸዋል። «አፈጻጸም» ግን ይህ ዕድል አልገጠመውም። ሦስቱም ፍቾቹ በአንድ ሠነድ፣ አንዳንዴም በአንድ ቅጽ ላይ፣ ሦስቱም ስለ ሥራ፣ ሦስቱም ከዕቅድ ጋር ተያይዘው ይመጣሉ። ዐውድ የማይለየውን ፍች ስያሜ መለየት አለበት። ክርክራችን ይህ ብቻ ነው።

ነገሩን በምሳሌ እንየው። አንድ ባንክ በስትራቴጂው ቍጠባን ለማስፋፋት ወስኖ፣ ለአንድ ቅርንጫፍ በዓመት 1,000 አዲስ የቍጠባ ሒሳብ እንዲከፍት ዒላማ ሰጠው እንበል። ቅርንጫፉም በዓመቱ መጨረሻ 1,000 ሒሳብ ከፈተ። ነገር ግን ሠራተኞቹ ቍጥሩን ለመሙላት ዘመድ ወዳጆቻቸውን እየለመኑ ስላስመዘገቡ፣ አብዛኛው ሒሳብ ከመክፈቻው ገንዘብ በቀር ምንም አልገባበትም። ሪፖርቱ «የቅርንጫፉ አፈጻጸም 100 በመቶ ነው» ይላል። ዋሽቷል ልንለው አንችልም፤ ስለ የትኛው ነገር እንደሚናገር ግን አይታወቅም። የተሠራው ብዛት እንደ ዕቅዱ ነው፤ የተሠራበት መንገድ መጥፎ ነው፤ ስትራቴጂው የፈለገው ቍጠባ አልተገኘም። ሦስት ቃል ያለው ጸሐፊ ሦስት ዐረፍተ ነገር ለመጻፍ ይገደድ ነበር፤ አንድ ቃል ያለው በአንዱ ይገላገላል።

ቃሎቹ ደግሞ አሉን። በሪፖርት ሠንጠረዦች ራስጌ «ዕቅድ» እና «ክንውን» ጎን ለጎን ሲጻፉ ኖረዋል። «ክንውን» «አከናወነ» ከሚለው ባለ አራት ፊደል ሥር እንደ «ዝርዝር» የወጣ ስም ነው፤ «ዝርዝር» ተዘርዝሮ ያለቀው ነገር እንደሆነ ሁሉ «ክንውን»ም ተከናውኖ ያለቀው ነገር ነው። ስለዚህ ይቈጠራል፣ በመቶኛም ይሰላል። የሠንጠረዡ ራስጌ በትክክል የያዘውን ልዩነት ከሠንጠረዡ በታች ያለው ሐተታ «አፈጻጸም» እያለ ማፍረሱ ያስገርማል። በበኩላችን «አፈጻጸም» ለአካሄዱ፣ «ክንውን» ለተሠራው መጠን፣ «ውጤት» ከሥራው ለተገኘው ለውጥ እንዲውሉ እናሳስባለን። ለተርጓሚ የሚጠቅመው ፈተና ቀላል ነው። ቃሉ «መልካም፣ ደካማ፣ የተዝረከረከ» የሚል ቅጽል ከወደደ «አፈጻጸም» ነው፤ ቍጥር ከፈለገ «ክንውን» ነው፤ «ለማን?» የሚል ጥያቄ ካስነሣ «ውጤት» ነው። በዚህ መሠረት «የበጀት አፈጻጸም 97 በመቶ» የሚለው «ከበጀቱ ወጪ የሆነው 97 በመቶ» ተብሎ በግልጽ ይጻፋል፤ ምንም አይጎድልበትም።

«ውጤት» ራሱ ንጹሕ ቃል ነው ማለታችን አይደለም። ከ«ወጣ» የተገኘ እንደ መሆኑ ከሥራ የወጣ ነገር ሁሉ ውጤት ሊባል ይችላል፤ የተማሪ ፈተና ነጥብ ውጤት ነው፣ የእግር ኳስ ግጥሚያም ውጤት አለው። እንግሊዝኛው «አውትፑት» እና «አውትካም» ብሎ የሚለያቸውን፣ ማለትም ከሥራው እጅ በእጅ የሚወጣውንና በኋላ በተጠቃሚው ዘንድ የሚታየውን፣ አንዳንድ ጽሑፎች ሁለቱንም «ውጤት» ይሏቸዋል። ሌሎች የኋለኛውን «ፋይዳ» ብለውታል። «ፋይዳ» ጥሩ የአማርኛ ቃል ነው፤ ለዚህ ግን አይሆንም፤ ምክንያቱም ጥቅምን አስቀድሞ ያጸድቃል። የአንድ ሥራ ውጤት ጎጂ ሊሆን ይችላል፤ «ጎጂ ፋይዳ» ግን አይባልም። በዚያ ላይ የብሔራዊ መታወቂያው ስም «ፋይዳ» ከሆነ ወዲህ ሕዝቡ ቃሉን ሲሰማ በቅድሚያ የሚያስበው መታወቂያውን ነው። እጅ በእጅ የሚወጣው በ«ክንውን» ሥር ከተጠቃለለ፣ «ውጤት» ለኋለኛው በነጻነት ይቀራል።

እዚህ ላይ «ውጤት ተኮር ሥርዓት» ወደሚለው ስያሜ እንመጣለን። የካፕላንና የኖርተን ዘዴ በእንግሊዝኛ የሚጠራው «ባላንስድ ስኮርካርድ» ተብሎ ነው። «ስኮርካርድ» በጎልፍና በመሰል ጨዋታዎች ነጥብ የሚመዘገብበት ካርድ ነው፤ የስያሜው ነፍስ ያለው ግን «ባላንስድ» በሚለው ቅጽል ላይ ነው። ጸሐፊዎቹ የተነሡት የገንዘብ ውጤትን ብቻ የሚመለከቱ ድርጅቶችን ለመንቀፍ ነበር። ትርፍና ኪሳራ የሚነግሩን ያለፈውን ነው፤ የነገውን የሚወስኑት የደንበኛው እርካታ፣ የውስጥ አሠራሩ ጥራትና የሠራተኛው ዕውቀት ናቸው፤ ስለዚህ አራቱም ባንድነት ይታዩ አሉ። ዘዴውንም አብራሪ ፊት ለፊት ከተደረደሩት የአውሮፕላን መሣሪያዎች ጋር አመሳሰሉት፤ አብራሪ ከፍታውን ብቻ እያየ ነዳጁን ሳያይ አይበርም። እንግዲህ በውጤት ላይ ብቻ ማተኮርን ለመንቀፍ የተጻፈ ሐሳብ በአማርኛ «ውጤት ተኮር» ተባለ። ስያሜው ሐሳቡን ያልገለጸ ብቻ ሳይሆን የተቃወመው ሆነ።

ስያሜው ለምን እንደ ተወደደ ለመረዳት አያዳግትም። የመንግሥት ሥራ በሰዓት ፊርማና በደብዳቤ ብዛት ሲመዘን በኖረበት አገር «ውጤት» የሚለው ቃል ተሐድሶ ነበር፤ «ተኮር»ም «አተኮረ» ከሚለው ግስ ተቈርጦ «ሕዝብ ተኮር»፣ «ልማት ተኮር» እየተባለ በፋሽን ላይ የነበረ ቅጥያ ነው። እርባታው ያስተካከለ አይደለም፤ ሕዝቡ ግን ተቀብሎታልና አንከራከርበትም። ሆኖም ስያሜው ያመጣውን ንባብ ማየት ይገባል። ሥርዓቱ «ውጤት ተኮር» ከተባለ፣ ገና ውጤት ያልታየበትን ዝግጅት፣ ለምሳሌ የሠራተኛ ሥልጠናን ወይም የመረጃ አያያዝን፣ ዝቅ አድርጎ የሚመዝን ኀላፊ ከስያሜው ጋር ይስማማል፤ ከዘዴው ጋር ግን ይጋጫል።

ምን እንበለው? «ሚዛናዊ» የሚለውን ቅጽል የያዙ ስያሜዎችም ተሞክረዋል፤ ከ«ውጤት ተኮር» የተሻሉ ናቸው። ነገር ግን «ሚዛናዊ» በጋዜጠኞች አማርኛ «ለማንም ያላዳላ» ማለት እየሆነ ስለ ሄደ፣ «ሚዛናዊ ምዘና» የሚለውን የሚሰማ ሠራተኛ አለቃው ፍርድ እንደማያጓድልበት ቃል የተገባለት ሊመስለው ይችላል። እኛ የምንመርጠው «የተመጣጠነ ምዘና» የሚለውን ነው። «የተመጣጠነ ምግብ» ምን እንደሆነ የጤና ትምህርት ለሁሉ አስተምሮልናል፤ ከአንድ ዐይነት ብቻ ጠግቦ መብላት እንደማይበቃ፣ እያንዳንዱ በየድርሻው መኖር እንዳለበት ያስረዳል። ካፕላንና ኖርተን ሊሉ የፈለጉትም ከዚህ የራቀ አይደለም። «ካርድ» የሚለው መቅረቱ አያስቈጭም።

ከአራቱ ዕይታዎች ስያሜ መካከል አንዱ ልዩ ምስጋና ይገባዋል። ጸሐፊዎቹ በመጀመሪያ የፈጠራና የመማር፣ በኋላ የመማርና የዕድገት ያሉትን የአማርኛ መመሪያዎች «መማማርና ዕድገት» ብለውታል። «መማር» አንዱ ከሌላው የሚቀበልበት ሲሆን «መማማር» አንዱ ለሌላው የሚሰጥበትም ነው። የአማርኛው የእርስ በርስ ግስ እንግሊዝኛው በአንድ ቃል ሊለው የማይችለውን ብሏል፤ ድርጅት ያውቃል የሚባለው ሠራተኞቹ እርስ በርስ ሲያስተምሩ እንደሆነ ከቃሉ ይነበባል። በዚህ ዕይታ ሥር የውጭ ሥልጠና የወሰዱ ሰዎች ብዛት ብቻ ሲመዘገብ ግን ስያሜው የሚለውን መለኪያው አይሰማም።

ስለ ሌሎቹ በአጭሩ። «ስትራቴጂ» እንዳለ ቢቀር እንመርጣለን፤ «ስልት» ለአነስተኛው ዘዴ የሚያስፈልግ ቃል ነውና ለትልቁ አንስጠው። ግቦችን ከላይ ወደ ታች ለማከፋፈል «ማውረድ» መባሉ ለመረዳት አያስቸግርም፤ «ኀላፊውን ማውረድ» ከሚለው ጋር ባንድ አንቀጽ እንዳይገናኝ መጠንቀቅ ብቻ ነው። «ስትራቴጂያዊ ተነሳሽነት» ግን ግልጽ የትርጉም ስሕተት ነው። እንግሊዝኛው «ኢኒሼቲቭ» የሰውን የራስ ተነሳሽነትም፣ አንድ ግብ ለማድረስ የተነደፈን ሥራም ይገልጻል፤ በስትራቴጂ ሠነድ የሚታሰበው ሁለተኛው ስለሆነ «ስትራቴጂያዊ እርምጃ» የሚለው ይበቃዋል። ተነሳሽነት በጀት አይመደብለትም፣ የማብቂያ ቀንም የለውም።

በቃላት ፈጠራ ረገድ መስኩ ድሃ አለመሆኑን የሚያሳዩ ሁለት ስያሜዎች አሉ። አንደኛው ዕቅዶችን «ማናበብ» የሚለው ነው። ቃሉ ከግእዝ ሰዋስው የመጣ ነው። በሰዋስው ተናባቢ የሚባለው እንደ «ቤተ መንግሥት» ያለው ነው፤ «ቤት» ከ«መንግሥት» ጋር ሲጣመር መድረሻ ፊደሉን ወደ «ቤተ» ይለውጣል። ሁለት ቃል ጎን ለጎን ስለተቀመጠ ብቻ አይናበብም፤ የፊተኛው ለኋለኛው ሲል አንድ ነገር መለወጥ አለበት። የአንድ ክፍል ዕቅድ በዋናው ስትራቴጂ ምክንያት ምንም ሳይለወጥ ከአምናው ተገልብጦ ከቀረበ፣ ከዋናው ጋር «ይናበባል» ማለት በሰዋስውም በሥራ አመራርም ሐሰት ነው። ይህን ቃል ማን እንዳመጣው ባናውቅም ለስያሜ ሥራ የሚመጥን ጆሮ ነበረው።

ሁለተኛው ከካይዘን ጋር የመጣው «አምስቱ ማ» ነው። የጃፓን ፋብሪካዎች የሥራ ቦታን ለማደራጀት የሚከተሏቸው አምስት ደረጃዎች፣ ሰይሪ፣ ሰይቶን፣ ሰይሶ፣ ሰይኬትሱና ሺትሱኬ፣ በላቲን ፊደል ሲጻፉ በአንድ ፊደል ስለሚጀምሩ በዚያው ፊደል ይጠራሉ። የካይዘን ኢንስቲትዩት በ2004 ዓ.ም. በሕግ ከተቋቋመ ወዲህ በሰፊው የታወቁት አማርኛዎቻቸው «ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድ፣ ማዝለቅ» ናቸው። ሁሉም በ«አ» ወይም በ«አስ» ከሚነሡ ግሶች የተገኙ ንኡስ አንቀጾች ስለሆኑ ያለ ምንም ማስገደድ በ«ማ» ይጀምራሉ። የቋንቋው እርባታ ራሱ ለሠራተኛው የሚያስታውስበትን ምልክት ሰጠው። ተርጓሚው ከጃፓንኛው ድምፅ ጋር ሳይሆን ከጃፓንኛው ዘዴ ጋር ተወዳደረ፤ የፋብሪካ ሠራተኛም ትርጕም ሳይጠይቅ ይቈጥራቸዋል።

ወደ «አፈጻጸም» ስንመለስ፣ «የሥራ አፈጻጸም ምዘና» የሚለው የመስኩ አጠቃላይ መጠሪያ ሥር የሰደደ ስለሆነ ይነቀል አንልም፤ በሕግና በመመሪያ ገብቷልና እንደ አርእስት ይቆይ። ለሚቀጥለው የስያሜ ዝርዝር የምናቀርበው ከአርእስቱ በታች ላለው ነው። በ«አፈጻጸም» ሥር ሁለት ፍች ብቻ ይግባ፤ አንደኛው የውሳኔ፣ የፍርድ ወይም የስትራቴጂ ወደ ተግባር መለወጥ፣ ሁለተኛው የዚህ ሥራ አካሄድ። ከመቶኛ ጋር የሚመጣው አጠቃቀም ወደ «ክንውን» በጠቋሚ ይመራ፤ «ክንውን» የሚለው መግቢያም ከዕቅድና ክንውን ሠንጠረዥ የተወሰደ ምሳሌ ይኑረው። በ«ውጤት» ሥር የሚሰጠው ምሳሌ ደግሞ የተከፈቱትን 1,000 ሒሳቦች ሳይሆን በውስጣቸው የተቀመጠውን ገንዘብ የሚናገር ቢሆን እንመርጣለን።